ፀሐይና ዝናብ የሚወርድበትን የጣውላ ወለል ምን እንቀባው?

በሐይቅ ዳርቻ በሚሠሩ መዝናኛዎች፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በአንዳንድ መኖሪያ ቤቶች ደጃፍ ጣራ የሌለው የጣውላ ወለል ማየት እየተለመደ መጥቷል። ሥራው እንዳለቀ ወለሉ ያምራል። የእንጨቱ ጅማት ከቫርኒሹ ሥር ጎልቶ ይታያል፤ ገጹም እንደ መስተዋት ያበራል። አንድ ወይም ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ቫርኒሹ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተነሣ ይረግፋል፤ ከሥሩ የሚወጣውም እንጨት ግማሹ ግራጫ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ጥፋቱን በቀለሙ ጥራት ወይም በአናጢው ላይ አሳብቦ በቀጣዩ ዓመት ወፈር ያለና ውድ የሆነ ቫርኒሽ ያስቀባል። እርሱም ጊዜውን ጠብቆ ይላላጣል።

በዚህ ጽሑፋችን ይህ ለምን እንደሚሆንና ምን ቢቀባ እንደሚሻል እንመለከታለን። ጉዳዩ የቀለም መሸጫ ሱቅ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም ማብራሪያው የሚገኘው በኬሚስትሪ፣ በፊዚክስና በሥነ ሕይወት ክፍል ውስጥ ነው። አስቀድመን አቋማችንን ለመግለጽ ያህል፣ ጣራ በሌለው ወለል ላይ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የሚቆይ ቅብ አናውቅም። ስለዚህ ጥገናው ቀላል የሆነ ቅብ ስንል ሲያረጅ ሳይፋቅና ሳይላጥ በላዩ ላይ ተደርቦ ሊታደስ የሚችለውን ማለታችን ነው።

ብርሃን እንጨትን ምን ያደርገዋል?

የደረቀ እንጨት አካል በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች የተገነባ ነው። ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ሴሉሎስ ሲሆን፣ እንደ ዛፉ ዓይነት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሊግኒን ነው፤ ከቀረው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ሄሚሴሉሎስ ይይዛል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ሲመረግ ለተመለከተ ሰው ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም። ሴሉሎስ እንደ ጭዱ ነው፤ ሊግኒን ደግሞ ጭዱን አንድ ላይ እንደሚይዘው ጭቃ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ማያያዣ ነው። ሊግኒን በሞለኪውሉ ውስጥ ባሉት አሮማቲክ ቀለበቶች ምክንያት የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር አጥብቆ ይውጣል። የተዋጠው ኃይል ኬሚካላዊ ትስስሮችን ይበጥሳል፤ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ዕረፍት የለሽ ቁርጥራጮችም ይፈጠራሉ። እነዚህ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕደው ሊግኒኑን ይበልጥ ይሰባብሩታል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ሲመጣ በውኃ ሊሟሟ የቻለው ስብርባሪ ታጥቦ ይሄዳል፤ ማያያዣ ያጡት የሴሉሎስ ክሮች ብቻ ይቀራሉ። ፀሐይ ያገኘው አሮጌ አጥር ግራጫ መልክ የሚይዘው በዚህ ምክንያት ነው። በላዩ ላይ የሚያድጉ ጥቃቅን ፈንገሶችም ጥቁር ነጠብጣብ ይጨምሩበታል።

ጉዳቱ ግን ጥልቀት የለውም። አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ እንጨቱ ዘልቆ የሚገባው እስከ 75 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያንሳል። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን እስከ 200 ማይክሮሜትር ያህል ይደርሳል። ፓይንን የመሰለ ለስላሳ እንጨት ያለ ምንም ቅብ አየር ላይ ቢኖር በ100 ዓመት ውስጥ በፀሐይና በዝናብ የሚሸረሸረው 6 ሚሊሜትር ገደማ መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ ግራጫነት ብቻውን በሽታ አይደለም። መልኩን ለወደደው ሰው ሊተውም ይችላል።

በአገራችን ደጋማ ቦታዎች ይህ የብርሃን ሥራ ይበረታል። የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከ10 እስከ 12 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነ፣ በሰሜን 9 ዲግሪ አካባቢ በባሕር ዳርቻ ካለ ቦታ ጋር ስትነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ጨረር ታገኛለች ማለት ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ በቀትር ዓመቱን ሙሉ ከአናት ብዙም አትርቅም። ከአናት የሚመጣ ጨረር ግድግዳን አግድም ሲያልፈው የተኛን ወለል ግን ፊት ለፊት ያገኘዋል። በዚሁ ምክንያት ለመስኮትና ለበር ተስማምቶ የኖረ ቅብ ለወለል ላይስማማ ይችላል።

ቫርኒሽ የሚከዳው ከሥሩ ነው

ቅቦችን በሁለት ወገን ከፍለን ብናያቸው ነገሩ ይቀልልናል። የመጀመሪያዎቹ በእንጨቱ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፤ ቫርኒሽና የተለመደው የዘይት ቀለም ከዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛዎቹ ወደ እንጨቱ ቀዳዳዎች ሠርገው ይገባሉ፤ በላዩ ላይ ልጣጭ የሚሆን ነገር አይተዉም። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ሠሪና ሠራጊ እያልን እንጠራቸዋለን።

ቫርኒሽ የሚወደደው የእንጨቱን መልክ ስለሚያሳይ ነው። የሚያሳየውም ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነው። ታዲያ ብርሃኑ ወደ ዓይናችን ለመመለስ መጀመሪያ ወደ እንጨቱ መድረስ አለበት! ቫርኒሹ ራሱ ገና ጠንካራና አንጸባራቂ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ያለው ሊግኒን እየተበላ ይሄዳል። ሽፋኑ ተጣብቆ የነበረው በእነዚያ የላይኛ ክሮች ላይ ነበርና ክሮቹ ሲላቀቁ የሚይዘው ያጣል፤ በአቧራ ላይ እንደተለጠፈ ቴምብር ይሆናል። የተላጠ የቫርኒሽ ቁራጭ አንሥተን ጀርባውን በማጉያ መነጽር ብናየው ከቫርኒሹ ጋር ተነቅለው የመጡ ጥቃቅን የእንጨት ክሮች እናገኛለን። ሽፋኑ አልተበጠሰም፤ መሠረቱ ነው የተናደው።

አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ አልትራቫዮሌት የሚውጡ ውሁዶችን በቫርኒሽ ውስጥ ይጨምራሉ። ይህም ዕድሜውን ያራዝመዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ውሁዶች በጊዜ ብዛት ያልቃሉ፤ የሚታየውም ብርሃን ቢሆን ማለፉን አያቆምም። ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው የተኛ ወለል ላይ የጠራ ቫርኒሽ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው።

ውኃስ?

እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው የእርጥበቱ መጠን ከዜሮ እስከ 30 በመቶ ገደማ ባለው ክልል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ውኃ በሴሎቹ ባዶ ቦታ ስለሚቀመጥ እብጠት አይጨምርም። መጠኑን በቀላል ስሌት እንየው። አንድ ጣውላ በስፋቱ አቅጣጫ ከ30 በመቶ እርጥበት እስከ ፍጹም ድርቀት ሲደርስ 8 በመቶ ይኮማተራል እንበል። በእያንዳንዱ 1 በመቶ የእርጥበት ለውጥ 0.27 በመቶ ያህል ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። ስፋቱ 120 ሚሊሜትር የሆነ ጣውላ በበጋ 10 በመቶ፣ በክረምት 20 በመቶ እርጥበት ቢኖረው ልዩነቱ 2.7 በመቶ፣ ማለትም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይሆናል። በርዝመቱ አቅጣጫ ግን ለውጡ ከምንም አይቆጠርም።

አዲስ ቫርኒሽ 2.7 በመቶ መለጠጥ ላያቅተው ይችላል። ነገር ግን ጣውላ በሁሉም ቦታ እኩል አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከመከፈቱ በፊት በሁለቱ ከንፈሮቹ መካከል ያለው ርቀት ዜሮ ነበር። ከዜሮ ተነሥቶ ግማሽ ሚሊሜትር በደረሰ ክፍተት ላይ ሳይበጠስ የሚለጠጥ ሽፋን ከየት ይገኛል? ስለዚህ ሽፋኑ በስንጥቁ፣ በምስማሩ ዙሪያና በጣውላው ጫፍ ላይ ይበጠሳል። በተለይ ጫፉ፣ የእንጨቱ ቧንቧዎች አፋቸውን የከፈቱበት ቦታ በመሆኑ፣ ከጎኑ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ውኃ ይጠጣል።

ከዚህ በኋላ የሽፋኑ ጥቅም ወደ ጉዳት ይለወጣል። ውኃው በስንጥቁ ፈጥኖ ይገባል፤ ለመውጣት ግን ቀሪው ሽፋን ይከለክለዋል። እንጨት የሚያበሰብሱ ፈንገሶች ደግሞ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች በሆነ እንጨት ውስጥ ሊያድጉ አይችሉም፤ እርጥበቱን ይዞ በሚቆይ እንጨት ውስጥ ግን ይፋፋሉ። ከላይ የሚያብረቀርቅ መወጣጫ ወይም የእጅ መደገፊያ ከውስጥ በስብሶ ሊገኝ የሚችለው እንዲህ ነው።

ነገሩ የውበት ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን አንድ ክስተት ያሳየናል። ሰኔ 9 ቀን 2007 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2015) በካሊፎርኒያ በርክሊ ከተማ የአንድ አፓርትመንት ሰገነት ተደርምሶ ስድስት ወጣቶች ሞቱ፤ ሰባት ቆሰሉ። አብዛኞቹ ለክረምት ሥራ ከአየርላንድ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ሰገነቱን ከሕንፃው ጋር ያያዙት የእንጨት ተሸካሚዎች በፈንገስ እጅግ በስብሰው ተገኙ። የተዘጋና መተንፈሻ ያጣ እንጨት እርጥበቱን ከያዘ ጉዳቱ ከውጭ አይታይም። በዚያ አደጋ ቫርኒሽ ድርሻ አልነበረውም፤ የውኃውና የፈንገሱ ሕግ ግን አንድ ነው።

ከተልባ ዘይት የምንማረው

የሠራጊ ቅቦች ታሪክ ከተልባ የተለየ አይደለም። በአገራችን ለጥንት ዘመን ጀምሮ የሚዘራው ይህ እህል ዘይቱ «ደራቂ» ከሚባሉት ወገን ነው። ደራቂ ሲባል እንደ ውኃ ይተናል ማለት አይደለም። የተልባ ዘይት በውስጡ ሦስት ድርብ ትስስር ያለው ሊኖሌኒክ አሲድ በብዛት ስላለው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይተሳሰራሉ፤ ፈሳሹም ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ መረብ ይለወጣል። እንዲያውም ሲደርቅ ክብደቱ ይጨምራል! ይህን የሚጠራጠር ተማሪ ጥቂት ጠብታ በመስታወት ላይ አሰራጭቶ በጥሩ ሚዛን በየቀኑ ሊመዝን ይችላል።

የዘይቶችን የመድረቅ ጠባይ ለማወቅ ኬሚስቶች የአዮዲን ቁጥርን ይጠቀማሉ፤ ይኸውም 100 ግራም ዘይት የሚይዘው የአዮዲን መጠን በግራም ሲሆን የድርብ ትስስሮቹን ብዛት ያመለክታል። የተልባ ዘይት ከ170 እስከ 200 ይደርሳል። ኑግ ወደ 130 አካባቢ በመሆኑ በከፊል ደራቂ ነው፤ እንጨት ላይ ቢቀባ ረጅም ጊዜ ይጣበቃል፣ አቧራም ይሰበስባል። ፓልም ዘይት 50 ገደማ ስለሆነ ፈጽሞ አይደርቅም። «ዘይት ዘይት ነው» ብሎ ከወጥ ቤት የተረፈውን ወለል ላይ የሚያፈስ ሰው የሻጋታ ማዕድ እያዘጋጀ ነው።

ይሁን እንጂ የተልባ ዘይት ብቻውን ለውጭ ወለል አይበቃም። የጠራ በመሆኑ ብርሃን ያሳልፋል፤ እርጥበት ባለበትም ሻጋታ ይመገበዋል። ስለዚህ ለውጭ ሥራ የሚዘጋጁ ሠራጊ ቅቦች ዘይትን ወይም ከዘይት የተሠራ አልኪድ ሙጫን መሠረት አድርገው ሁለት ነገር ይጨምራሉ፦ ፀረ ሻጋታ ውሁድና ቀለም ሰጪ ዱቄት። ከሁለቱ ይበልጥ የምናተኩረው በዱቄቱ ላይ ነው። በብዛት የሚጠቅመው አይረን ኦክሳይድ ሲሆን ቀይ አፈርን ቀይ ያደረገውም ይኸው ነው። ጥቃቅን እንክብሎቹ አልትራቫዮሌትን ውጠው፣ የሚታየውንም ብርሃን በከፊል አግደው ለሊግኒኑ ጥላ ይሆኑለታል። በመሆኑም ከመደርደሪያ ላይ «ቀለም አልባ» የሚለውን ትተን ቡናማ ወይም ቀላ ያለውን እንድንመርጥ የምንመክረው ለጌጥ ብለን አይደለም። የእንጨቱ ጅማት በዚህም ቢሆን ይታያል።

እንዲህ ያለው ቅብ በወለል ላይ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይቆያል። አንባቢ «ከቫርኒሹ ብዙም አልተለየም» ቢል እውነት አለው። ልዩነቱ የሚመጣው በእድሳቱ ቀን ነው። የተላላጠ ቫርኒሽ ከሥር እስከ ላይ ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ አቧራው ተጠርጎ ነው አዲሱ የሚቀባው፤ ለ20 ካሬ ሜትር ወለል ብዙ ቀናት የሚፈጅ አድካሚ ሥራ ነው። ሠራጊው ቅብ ግን የሚላጥ ነገር ስለሌለው እየሳሳ ይሄዳል እንጂ አይረግፍም። ወለሉ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በላዩ ይደገማል። ሰው የሚመላለስበትን የሳሳ ቦታ ብቻ ነጥሎ መቀባትም ይቻላል፤ በቫርኒሽ ይህ ቢሞከር መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ይታያል።

በኖርዌይ የሚገኘው የቦርጉንድ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ተሠርቶ እስከ ዛሬ ቆሟል። ግድግዳውና ጣራው የሚቀባው ከፓይን ዛፍ የሚወጣ ዝፍት ነው። ዝፍቱ ዘላለማዊ አይደለም፤ ፀሐይና ዝናብ ይጨርሱታል። ሲያልቅ በአሮጌው ላይ አዲስ ይደረባል።

እዚህ ላይ ስለ እሳት ማንሣት ግዴታችን ነው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ይሰጣል። በእንጨት ላይ በስሱ ሲቀባ ሙቀቱ ወደ አየር ይበተናል፤ ዘይቱ የተጠረገበት ጨርቅ ተጨማድዶ ሲጣል ግን ሙቀቱ በመካከሉ ይጠራቀምና ያለ ክብሪት ሊቀጣጠል ይችላል። የካቲት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1991) በፊላደልፊያ ከተማ ዋን ሜሪድያን ፕላዛ የተባለውን ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ያወደመው እሳት የተነሣው እንጨት በማደስ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ከተዉት የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ነበር። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተውበታል። ስለዚህ ጨርቁ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ አለበለዚያ ውኃ በሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ይነከር።

ስለ ተቃጠለ የሞተር ዘይትም ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። ምስጥ ይከላከላል ተብሎ በአጥር እንጨት ላይ ሲቀባ ኖሯል። የሞተር ዘይት ኦክስጅን ይዞ ወደ መረብ የሚለወጥ ዘይት ስላልሆነ አይደርቅም፤ ልብስና እግር ያቆሽሻል። ከሞተሩ የወሰዳቸው ብረታ ብረቶችና መርዛማ ሃይድሮካርቦኖችም በዝናብ ታጥበው ወደ አፈሩ፣ ወለሉ ሐይቅ ዳር ከሆነም ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ምስጥን የሚያርቀው እንጨቱን ከአፈር ማራቅ ነው፤ ምሰሶዎቹ በኮንክሪት መቀመጫ ላይ ይቁሙ፣ ከወለሉም ሥር ጎንበስ ብሎ ለማየት የሚያስችል ክፍተት ይኑር።

የዘይት ቀለምን ጨርሶ አናወግዝም። ብርሃን የማያሳልፍ በመሆኑ ለግድግዳና ጣራ ለሚጋርደው ዓምድ ከሁሉ ይሻላል። እግር ለሚረግጠውና ውኃ ለሚተኛበት ወለል ግን አይሆንም፤ ሲረጥብም ያንሸራትታል።

ከቅቡ በፊት

የእንጨቱ ዓይነት ከቅቡ ይቀድማል። የሐበሻ ጥድና ወይራ በግንዳቸው መካከል ያለው ጠቆር ያለ ክፍል ፈንገስንም ምስጥንም በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ ከዳር ያለው ነጣ ያለ ክፍል ግን የማንኛውም ዛፍ ይሁን ቶሎ ይበሰብሳል። ዝግባ ለቤት ውስጥ ሥራ የተመሰገነ ቢሆንም ለዝናብ የሚሰጥ እንጨት አይደለም።

ከዚህም በላይ የሚበልጠው ጣራ ነው። በላስታ በዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እንጨቶች ከ800 ዓመት በላይ የቆዩት ዝናብና ፀሐይ ስላልደረሰባቸው ነው። የአዲስ አበባ አሮጌ ቤቶች በረንዳቸውን ሰፊ የጣራ ክፈፍ ያለበሱትም አናጢዎቻቸው ይህን ስላወቁ ነው። ወለላችንን በከፊል እንኳ የሚጋርድ ክፈፍ መጨመር ከተቻለ ከየትኛውም ቆርቆሮ ቀለም የተሻለ ገንዘብ የዋለበት ነው እንላለን።

ሥራው የሚጀመረው ዝናቡ አቁሞ ጣውላው ከደረቀ በኋላ፣ በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢሆን ይመረጣል። አዲስ የተላገ ጣውላ ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ መቆየት የለበትም፤ በዚያ አጭር ጊዜ እንኳ የላይኛው ሊግኒን መጎዳት ይጀምራል። በጣውላዎቹ መካከል 5 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ተትቶ ውኃው ይውረድ። ቅቡ ቀትር ሳይሆን ጥላ ሲሆን ይቀባ፤ በጠራራ ፀሐይ ሳይሰርግ ይደርቃል። የጣውላው ጫፎች እስኪጠግቡ ድረስ ይቀቡ። ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ያልሠረገው ትርፍ በጨርቅ ይጠረግ፤ ትርፉ ከተተወ ያው ሽፋን ሠሪ ይሆንብናል።

የማደሻው ጊዜ መድረሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት የውኃ ጠብታ በተለያየ ቦታ ይንጠብ። ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ ከቆየ ቅቡ ገና እየሠራ ነው፤ ደቂቃ ሳይሞላ ተሰራጭቶ እንጨቱን ካጠቆረው ጊዜው ደርሷል።

ይህን ሁሉ በራሳቸው ለማረጋገጥ ለሚሹ የሳይንስ ክበባት የሚሆን ሙከራ እነሆ። ከአንድ ጣውላ አራት እኩል ቁራጮች ይቆረጡ። አንዱ ቫርኒሽ፣ ሁለተኛው የተልባ ዘይት ብቻ፣ ሦስተኛው ቀለም ያለው ሠራጊ ቅብ ይቀባ፤ አራተኛው ባዶውን ይቅር። የእያንዳንዱ ግማሽ በአሉሚኒየም ወረቀት ተሸፍኖ በሚያዝያ ወር ጣራ ላይ ተኝተው ይቀመጡ፤ በየሳምንቱም ይመዘኑ። ክብደታቸው የጠጡትን ውኃ ያሳያል። በጥቅምት ወረቀቱ ሲገለጥ፣ ብርሃን ያገኘውና ያላገኘው ግማሽ ላይ የተጣባቂ ፕላስተር ለጥፎ በመንቀል ከየትኛው ብዙ ክር እንደሚነሣ ማየት ይቻላል።